አቁማዳና ዋሽንት

ጎንደር፣ ከጥምቀት በኋላ።
አጎት፦ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህር፤ ወገራ ላይ ከብት ሲጠብቁ ዋሽንት የለመዱ።
ልጅቱ፦ የእህታቸው ልጅ፤ ኑሮዋ ጀርመን፣ በጥንት ስልት የተሠራ ባግፓይፕ ተማሪ።

አጎት፦ እስቲ አውጪው፣ ልየው። ትናንት ማታ እትዬሽ በግ ታመመብን ብላ ከመኝታዋ ተነሥታ ነበር።

ልጅቱ፦ እኔማ በቀስታ ልለማመድ ብዬ ነበር ጋሼ። ይኼ ግን በቀስታ አይሆንለትም። ድምፁ አይጎላም፣ አይሳሳም፤ ወይ አለ፣ ወይ የለም።

አጎት፦ የስኮትላንዶቹ ነው? ቀሚስ ለብሰው የሚሰለፉት?

ልጅቱ፦ ዘመዱ ነው፤ ያነሰና የለዘበ። ጀርመኖች ሁመልሸን ይሉታል። ሚካኤል ፕሪቶሪዩስ የሚባል የሙዚቃ ሊቅ በ1619 እና በ1620 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው መጻሕፍት የዘመኑን መሣሪያዎች ከነመጠናቸው አሥሎ አስቀምጧል፤ ይኼም እዚያ አለ። የዛሬ ሠሪዎች ያንን ሥዕል እያዩ ነው የሚሠሩት። ከዚያ የቀደሙትን ደግሞ ከብራናና ከድንጋይ ላይ ይለቅማሉ። የካስቲል ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ በ13ኛው መቶ ዘመን ባስጻፈው የማርያም መዝሙራት ብራና ላይ ባግፓይፕ ነፊዎች ተሥለዋል። ሠዓሊው አልብረክት ዱረር በ1514 እ.ኤ.አ. ዛፍ ተደግፎ የቆመ አንድ ነፊ ቀርጿል። ስኮትላንድ ውስጥ በሮስሊን የጸሎት ቤት ባግፓይፕ የሚነፋ መልአክ ከድንጋይ ተፈልፍሏል። ዕቃው ራሱ ግን አልተረፈም ማለት ይቻላል፤ ቆዳ ይበሰብሳል፣ እንጨት ይነቅዛል።

አጎት፦ እንግዲያው የያዝሽው የጥንት ዕቃ ሳይሆን የጥንት ዕቃ ግምት ነው።

ልጅቱ፦ በደንብ የታሰበበት ግምት ነው ጋሼ።

አጎት፦ አልናቅሁትም። አሠራሩን አሳዪኝ።

ልጅቱ፦ ይኼ አቁማዳው ነው፤ በብብት ይያዛል። በዚህ አጭር ቧንቧ እነፋለሁ፤ ውስጡ ክዳን ስላለው አየሩ ተመልሶ ወደ አፌ አይመጣም። ይኼ ጣት የሚያርፍበት፣ ዜማው የሚወጣበት ቧንቧ ነው። እነዚህን ሁለቱን ጣት አይነካቸውም፤ እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ ይዘው ጨዋታው እስኪያልቅ አይለቁም። በሦስቱም ውስጥ ሪድ አለ፤ እንደ ሳክስፎኑ የሚርገበገብ ቀጭን የሸምበቆ ልጥ። አየር ስስብ አቁማዳውን በክርኔ እጫነዋለሁ፣ ስነፋ ላላ አደርገዋለሁ። ስለዚህ እኔ ብተነፍስም እሱ አያቋርጥም።

አጎት፦ ይኼማ ወናፍ ነው! ወለቃን ታውቂያለሽ አይደል፣ ወደ ደባርቅ መውጫው ላይ? ቤተ እስራኤሎች ብረት ይቀጠቅጡበት የነበረው መንደር። አንጥረኛው ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፍ ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ረዳቱ በቀኝና በግራ እጁ እያፈራረቀ ይጫናቸዋል። አንዱ ሲሞላ ሌላው ይተነፍሳል፤ ፍሙ ለአፍታም አየር አያጣም። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ እንጂ ይኼን ዕቃሽን አንዴ ቢያዩት ማታውኑ ሠርተው ያመጡልሽ ነበር።

ልጅቱ፦ ታዲያ ለምን አልሠሩትም? ባግፓይፕ እኮ የአውሮፓ ብቻ አይደለም። ቱኒዝያ መዝወድ አላት፣ ኢራን ነይ አንባን፣ ህንድም የራሷ አላት። እኛ ዘንድ ቆዳውም ሸምበቆውም ነበር።

አጎት፦ ቆዳውንስ ማን ይስተናል! ለእህል አቁማዳ፣ ለማር ስልቻ፣ ለብረት ወናፍ። ቧንቧውም በየእረኛው እጅ ነው። ሁለቱን ሳናጋባቸው የቀረነው ስላላወቅን አይመስለኝም፤ ስላላስፈለገን ነው።

ልጅቱ፦ ይኼ ማስረጃ ነው ወይስ ኩራት?

አጎት፦ ግማሽ በግማሽ ነው። አዳምጪኝማ። ዋሽንት ነፊ በአፉ ባይዘፍንም ዘፋኝ ነው። እረኛው የሚነፋው ሲዘፈን የሰማውን ነው፤ ስንኙ በሚያልቅበት እሱም ትንፋሹን ይጨርሳል፣ ቤት በሚመታበት ያርፋል። የሚያዳምጠው ሰው ግጥሙን በልቡ እየሞላ ነው የሚሰማው። ያንቺ ዕቃ ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ስንኙን ከስንኝ አይለይም።

ልጅቱ፦ እምቢልታስ? እሱም ይጮሃል እንጂ ስንኝ አይለይም።

አጎት፦ እምቢልታን ጥሩ አነሣሽ። እምቢልታ ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ የለውም። ነፊዎቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ሰው የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ተራቸውን እየጠበቁ፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ እየተቀበለ ይነፋሉ። ዜማው የሚገኘው በሦስቱ መካከል ነው፤ ብቻውን የቆመ እምቢልታ ነፊ ምንም አይጫወትልሽም። አንዱ ሲተነፍስ ሌሎቹ ስለሚይዙለት ድምፁ አይቋረጥም። አውሮፓዊው ድምፅ እንዳይቋረጥበት አቁማዳ ሰፋ፤ እኛ ሰው ጨመርን።

ልጅቱ፦ እኛ ሲሉ ማንን ነው? ነጋሪትና እምቢልታ ገበሬ ቤት አልነበሩም፤ የሹመት ምልክት ነበሩ። ሦስት ነፊ ቀልቦ የሚያኖረው ገዢው ነው። ባግፓይፕ ግን የድሃ ሰው ባንድ ነው። ፒተር ብሩጌል በ16ኛው መቶ ዘመን የገበሬ ሠርግ ሲሥል ሙዚቀኞቹ ሌላ አይደሉም፣ ባግፓይፕ ነፊዎች ናቸው። አንድ ሰው ብቻውን ዜማውንም አጃቢውንም ይዞ መንደር ያስጨፍራል።

አጎት፦ እዚህ ላይ ረታሽኝ። ግን መልሱም እዚያው ያለሽበት ነው። እኛ ዘንድ ሠርጉን ብቻውን የሚይዘው አዝማሪው ነው፤ ከጎንደር አጠገብ ቡርቧክስን የመሰለ የአዝማሪ መንደር እያለ ሌላ ማን ይጠራል? አዝማሪ ደግሞ መሰንቆ የያዘው በምክንያት ነው። እጁ ሲጫወት አፉ ነፃ ይሆናል። እንግዳውን የሚያወድሰው፣ የሚወጋው፣ ብር የሚያስወጣው በግጥሙ ነው። አፉን ቧንቧ ከደፈነው ሥራው አለቀ። ጎንደር ባግፓይፕን ያላበጀችው ቆዳ መስፋት አቅቷት አይደለም፤ በድግስ ላይ አፉ የታሰረ ሙዚቀኛ አትፈልግም።

ልጅቱ፦ ይኼስ ከመጀመሪያው ይሻላል። ዕረፍት ምናምን ካሉት ይልቅ ይኼ ያሳምናል።

አጎት፦ አመሰግናለሁ የኔ መምህርት። በይ አሁን ትምህርቱን ንገሪኝ። እንዴት ያስተምሯችኋል?

ልጅቱ፦ መጀመሪያ አቁማዳ አይሰጡም። የዜማውን ቧንቧ ብቻ በአፍ እየነፉ ጣት ማስለመድ ነው። ጣት በጫፉ አይደለም የሚያርፈው፣ በሆዱ ጠፍጠፍ ብሎ ነው፤ ከጠርዙ ትንሽ አየር ከሾለከ ድምፁ ይበላሻል። የጣት ሥራው ሲጸና አቁማዳው ይመጣል፤ ያኔም ሁለቱ ቧንቧዎች ተደፍነው ነው። ክርን ሲላላ ድምፁ ይወርዳል፣ ሲብስም ሪዱ ይታፈናል፤ ሲጠብቅ ይወጣና ይጮሃል። ስለዚህ ተማሪው አንድ ድምፅ ይዞ ይቆማል፤ ይነፋል፣ ይጫናል፣ ይነፋል፣ ይጫናል። ያቺ ድምፅ ሳትነቃነቅ ስትቆም ብቻ ሁለቱ ይከፈቱና ከዜማው ቧንቧ ጋር ይቃኛሉ። እኔ ያለሁት እዚያ ላይ ነው፤ እትዬ የሰሙት በግ እሱ ነው።

አጎት፦ ከሁሉ የከበደሽ እሱ ነው?

ልጅቱ፦ አይ፣ ከሁሉ የከበደኝ አንዱን ድምፅ ሁለቴ መምታት ነው። በዋሽንት ትንፋሽዎን ቆረጥ አድርገው እንደገና ይነፋሉ። እዚህ አየሩን የሚያዘው አቁማዳው ስለሆነ መቁረጥ አይቻልም። ዜማው «ላ፣ ላ» ቢል የሚሰማው አንድ ረጅም «ላ» ነው። መለያው ጣት ብቻ ነው፤ በሁለቱ መካከል ሌላ ድምፅ በጣም በፍጥነት ብልጭ አድርጎ መመለስ። ሰው የባግፓይፕ ጌጥ ብሎ የሚያደንቀው ያ ሁሉ ማርገብገብ መነሻው ችግር ነው፤ ያለ እሱ ዜማው አይገባም።

አጎት፦ ከችግር የወጣ ጌጥ! ይኼን ወደድሁት። በኛ በኩል ከባዱ መጀመሪያው ነው። ዋሽንት ሪድ የለውም፤ የሸምበቆው ጠርዝ ባዶ ነው። ከንፈርሽን ጠርዙ ላይ በምን ማዕዘን እንደምታሳርፊው የሚነግርሽ የለም። ትነፊያለሽ፣ ንፋስ ብቻ ይወጣል፤ ታዘነብይዋለሽ፣ ደግሞ ንፋስ ይወጣል። እኔን ማንም አላስተማረኝም። ትልልቆቹ እረኞች ሲነፉ አያለሁ፤ ጥለውት ሲተኙ አንሥቼ እሞክራለሁ። የእረኛ ትምህርት ቤት ጥቅሙ ይኼ ነው፦ ከብት አይሰለችም፣ ጎረቤትም የለም።

ልጅቱ፦ ድምፅ ካወጡ በኋላስ?

አጎት፦ ከዚያማ አራት ቀዳዳ ነው፣ አምስት ድምፅ። ጠንከር አድርገሽ ስትነፊ ያው አምስቱ ከፍ ብለው ይደገማሉ። ጣቱ አይከብድም፤ የሚከብደው ሸምበቆው ነው። አንድ ዋሽንት ሲበሳ ከፍታው አብሮ ተበስቷል፤ እንደ ክራር አውታር አታጠብቂውም፣ አታላዪውም። ዘፋኙ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ ቅኝቱም ከተለወጠ ሌላ ዋሽንት ታነሻለሽ። ለዚህ ነው የመድረክ ነፊ ጥቅል ዋሽንት ይዞ የሚመጣው። ዛሬ እረኛው ሸምበቆ ካጣ የፕላስቲክ ወይም የብረት ቧንቧም ይቆርጣል። አንዳንዱ ሰው ባህል ጠፋ ብሎ ያዝናል፤ እኔ አላዝንም። የበሳው ልጅ ጆሮ እስካለው ድረስ ቱቦው ከየትም ይምጣ።

ልጅቱ፦ በዚህ በኔው የትዝታን ቅኝት ሞክሬያለሁ። ይወጣል።

አጎት፦ ለምን አይወጣ? የትዝታ አምስት ድምፆች በፈረንጆቹ ሰባት ድምፅ ውስጥ ስላሉ ሁለቱን መዝለል ብቻ ነው። ባለ አንድ ድምፅ ቧንቧዎችሽም መነሻውን ይይዙልሻል። አምባሰልን ሞክሪ።

ልጅቱ፦ ሞከርሁት። ከሦስተኛው ድምፅ ሲነሡ ዜማው ይገኛል፤ ግን ከሥር ሁለቱ ቧንቧዎች «መነሻው እኛ ነን» እያሉ ይከራከራሉ።

አጎት፦ አየሽ! አንቺሆዬማ ጭራሹኑ አንድ ድምፅ ይጎድልበታል፤ ቀዳዳ በግማሽ እየከፈትሽ ልትፈልጊው ነው። ትዝታን ብቻ የሚያውቅ መሣሪያ ይዞ ጎንደር መምጣት አያዋጣም።

ልጅቱ፦ ሠሪ ካለ ለኛ ቅኝት የተበሳ ቧንቧ ይሠራል። እዚያ እንደዚያ ነው፤ ተማሪው የሚፈልገውን ከፍታ ነግሮ ያሠራል። ለጀማሪ መማሪያ መጽሐፍ አለ፣ የጣት አያያዝ ሠንጠረዥ አለ፣ ቅዳሜ ተሰብስቦ መጫወት አለ። የሚገርመኝ ይኼ ነው ጋሼ። እነሱ የጠፋ ዕቃ ከሥዕል ላይ አንሥተው መማሪያ ጻፉለት። ዋሽንት አልጠፋም፤ ግን ስለ ዋሽንት ከጎንደር መጻሕፍት ቤት መማሪያ ልግዛ ብል ምን አገኛለሁ?

አጎት፦ አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምራል። በ1963 እ.ኤ.አ. ደግሞ ግብፅ የተወለደው ሀሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም ከየክፍለ ሀገሩ ነፊና መቺ ሰብስቦ አንድ ላይ አስቀምጧቸዋል። እረኛ የሚነፋው ነገር መድረክ ላይ ወንበር ያገኘው በነሱ ጊዜ ነው፤ ዋሽንት ነፊውን መላኩ ገላውን የሰማ ያውቀዋል። ዮሐንስ አፈወርቅም ዋሽንትን ከከተማ ሙዚቃ ጋር አስማምቶ ኖሯል።

ልጅቱ፦ ሁሉም አዲስ አበባ።

አጎት፦ ሁሉም አዲስ አበባ። የወገራ ልጅ ዋሽንት በመምህር ሊማር ሲፈልግ አውቶቡስ መሳፈር አለበት። ይኼን የምልሽ በምሬት ነው። ግን ወደ ሌላ ነገር ልውሰድሽ፤ ያንቺን ዕቃ ሳይ ትዝ ያለኝ ጄምስ ብሩስ ነው።

ልጅቱ፦ የዓባይን ምንጭ ፈላጊው?

አጎት፦ እሱው። ስኮትላንዳዊ እኮ ነው፤ ባግፓይፕ ከሚነፋበት ሀገር የመጣ ሰው። በ1770 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ጎንደር ገባ፣ በ1771 ማብቂያ ወጣ። ራስ ሚካኤል ስሑል የገነኑበት፣ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ያሉበት ዘመን ነው። ሀገሩ ከተመለሰ በኋላ ለእንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ለቻርልስ በርኒ ስለኛ መሣሪያዎች ደብዳቤ ጻፈለት፤ በርኒ በ1776 ባሳተመው የሙዚቃ ታሪኩ የመጀመሪያ ቅጽ ውስጥ አስገባው። ብሩስ ስድስት መሣሪያ ይቆጥራል፦ በአፍ የሚነፋ ቧንቧ፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ ከበሮ፣ ጸናጽል፣ ክራር።

ልጅቱ፦ መሰንቆስ?

አጎት፦ የለም። ጎንደር ተቀምጦ መሰንቆን መዝለል! ስለዚህ ዝርዝሩን እንደ ወንጌል አትያዥው። ያየውን ግን በደንብ ነው ያየው። ቧንቧውን እንዲህ ይለዋል፦ ወደ ቁመቱ ተይዞ ይነፋል፤ አፉ ላይ እንደ ክላሪኔት ያለ መንፊያ አለው፤ ድምፁ ብዙ አይጮህም፣ ግን የተሰበረ ኦቦ የመሰለ መንጫረር አለበት። ቀጥሎ ያለው ነው የሚደንቀኝ። መንጫረሩ እንከን አይደለም ይላል፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፣ ባይኖርበት ሰው አይወደውም።

ልጅቱ፦ ጋሼ! ይኼ ዋሽንት አይደለም። ክላሪኔትም ኦቦም ሪድ አላቸው። የተሰበረ ኦቦ ማለት የኔ የዜማ ቧንቧ ነው!

አጎት፦ አትቸኩዪ። ብሩስ በአንድ ቃል ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ነፊ ብቻ አይቶ ሊሆን ይችላል። እኔ የማውቀው ዋሽንት ግን እሱ የጻፈው አይደለም። መለከቱን ደግሞ ስሚው፤ እዚህስ እንደ አናጢ ለክቶ ነው የጻፈው። ከሸምበቆ የተሠራ፣ የውስጡ ስፋት ከግማሽ ኢንች ያነሰ፣ ርዝመቱ 5 ጫማ ከ4 ኢንች፤ በኛ 1.60 ሜትር ያልፋል። ጫፉ ላይ የቅል አንገት ተገጥሞበታል፤ ቅሉ በውጭ በኩል በነጫጭ ዛጎል አጊጧል፣ ሁለመናው ብራና ለብሷል። የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ጎርናናና አስፈሪ። ሠራዊቱ ሲጓዝ በዝግታ ይነፋል፤ ጠላት ሲታይ በፍጥነትና በኃይል ይደጋገማል፣ ወታደሩም ያብዳል ይላል።

ልጅቱ፦ የስኮትላንድ ክፍለ ጦሮችም ባግፓይፕ ነፊ ከፊት ያሰልፉ የነበረው ለዚሁ ነው። ብሩስ የሰማው ነገር እንግዳ አልሆነበትም ማለት ነው።

አጎት፦ ለዚህ ይሆናል አሳምሮ የጻፈው። እንግዲህ አንቺ ስለ ፕሪቶሪዩስ ሥዕል ስትነግሪኝ ያሰብሁት ይኼን ነው። እነሱ በአንድ መጽሐፍ ሥዕል ተነሥተው ሁመልሸንን አስነሡ። እኛ የብሩስ ልክ አለልን። ሸምበቆ አለ፣ ቅል ቅዳሜ ገበያ ላይ አለ፣ ጎንደር ብራና ፋቂ አላጣችም። የብራና ሥዕልም ከተፈለገ፣ በጎንደር ዘመን በሥዕል ያጌጠ የዮሐንስ ራእይ መጽሐፍ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ተቀምጧል፤ የሰባቱን መላእክት መለከት የጎንደር ሠዓሊ እንዴት አድርጎ እንዳሰበው እዚያ መፈለግ ይቻላል።

ልጅቱ፦ ታዲያ ለምን አንሠራውም? መለከቱ ይቀላል፤ ልኩ ሙሉ ነው። ቧንቧው ነው የሚያስቸግረው፤ ርዝመቱን አልነገሩኝም፣ ቀዳዳውንም አልነገሩኝም።

አጎት፦ መለከቱን እንጀምር። ቧንቧውን በተመለከተ ሰው መጠየቅ ነው፤ ሰሜን፣ ወገራ፣ ጃናሞራ፣ በለሳ ድረስ። አፉ ላይ ልጥ ያለበት፣ የሚንጫረር የእረኛ ቧንቧ አይቶ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ብሩስ ትክክል ነበር ማለት ነው።

ልጅቱ፦ ጨዋታችንን ጽፌ ለመጽሔት ልስጠው?

አጎት፦ ስጪው። መጨረሻው ላይ ግን ይኼን ጨምሪበት። በቤቱ ግድግዳ ላይ የአባቱ ወይም የአያቱ ዋሽንት፣ እምቢልታ ወይም መለከት የሰቀለ ሰው፣ ቢሰነጠቅም ቢነቅዝም አይጣለው፣ ለቱሪስትም አይሽጠው። ርዝመቱን በሜትር ይለካው፤ የውስጡን ስፋት፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከአፉ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚርቅ ይጻፍ፤ ከምን እንደተሠራ፣ ማን ይነፋው እንደነበር ያስፍር። የሚነፋው ሰው በሕይወት ካለ ድምፁን በስልኩ ይቅዳ። ሠሪ የሚፈልገው ይኼን ነው።

ልጅቱ፦ የተቀዳውንስ ለማን ይስጥ?

አጎት፦ አንዱን ለራሱ ያስቀምጥ፤ አንዱን በሰፈሩ ላለ የሙዚቃ መምህር ይስጥ።